ስትደርስ

እህቴ ሂማሻ ክንዷ ብርቱ ነበር፣
ኮኮናት በአንድ ምት ለሁለት ሲሰብር፤
ክሪኬት ሜዳ ላይ ዱላ ስትጨብጥ ግን
ኳሷ ሳትመጣ ነው፣ የምትመታው ነፋስን።
ወይ በዱላው ጫፍ ነክታ ሽቅብ ታጎናታለች፣
ኳሷ እንደ ምጽዋት ሳንቲም ከሰው መዳፍ ታርፋለች።
አሥራ አንድ ጨዋታ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ወጣች፤
አሥራ አንዱንም ጊዜ በገዛ ክንዷ ተቆጣች።

እኔ ታናሿ ነኝ፤ ኳስ ወርዋሪ፣ ኳስ ለቃሚ፣
ከቀረፋው ቁጥቋጦ ፈልጎ፣ ከጎረቤት ውሻ ቀሚ።

ጉናፓላ ሽማግሌው፣ አምባላንጎዳ መሻገሪያ ዳር
ሠላሳ አራት ዓመት የባቡሩን በር ሲዘጋ ሲከፍት የነበር፣
አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ በሌላው እያጮለቀ
ሦስት ቀን ዝም ብሎ አያት፤ በአራተኛው ሳቀ።
«ጉልበት አላጣሽም ልጄ፤ የበዛብሽ ጉልበት ነው፤
ማንጎ ሳይደርስ ለሚቆርጥ፣ የሚተርፈው ጥሬው ነው።
ኳስም ትደርሳለች።»
ይህን ብሎ ዱላዋን ቀማት፣ ከዛፉ ላይ ሰቀለው፤
የእኔን የትምህርት ቤት ካልሲ፣ ነጩን፣ ኳስ ከተተና
በገመድ አንጠለጠለው።
(እናቴ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች፦ አንዱ የት ገባ? የት ነው?)

«አትምቺ። ‹አሁን› በይ ብቻ፤ ከአፍንጫሽ ሥር ስትደርስ።»

እገፋዋለሁ። ካልሲው ይመጣል። «አሁን!»
«ይኸ ትናንት ነው» ይላል ጉናፓላ።
እገፋዋለሁ። «አሁን!»
«ይኸ ገና ጠዋት ነው።»
ሳምንት ሙሉ እንዲህ አመሸን፤ ትንኝ በላን።
መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይስቃል፦ ዱላው ዛፍ ላይ፣
ልጅቷ ባዶ እጇን ካልሲ ትጠብቃለች።

አንድ ማታ ወደ ሐዲዱ ወሰደን።
«መዳፍሽን በሩ ብረት ላይ አሳርፊ፤ ይነግርሻል።
ባቡር አስቁሜ አላውቅም፣ አስቸኩዬም አላውቅም፤
ቀድሜ ብዘጋ፣ ሰው ይሰድበኛል፣ ሾልኮ ይሻገራል፤
ዘግይቼ ብዘጋ...»
አልጨረሰውም። ደህናውን ዓይኑን ወደ ባሕሩ አዞረ።
ብረቱ በመዳፋችን ሥር ቀስ እያለ አጉረመረመ።

በማግሥቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን እንጃ፣
«አሁን» አለች። ቃሏና ካልሲው አንድ ላይ ደረሱ።
ሽማግሌው ምንም አላለም። ራሱንም አልነቀነቀም።
ዱላውን እንዳወርድ በአገጩ ጠቆመኝ።

«የታችኛው እጅሽ እንግዳ ነው፤ በሁለት ጣት ይያዝ፣ ይላላ፤
ኳሷ ፍጥነቷን ይዛ መጥታለች፤ አንቺ ለምን ትጨምሪ ሌላ?»

ከዚያ ጨዋታው ደረሰ። ከባላፒቲያ የመጣች ግራኝ፣
ስትንደረደር አቧራው ራሱ የሚሸሻት፣
የመጀመሪያዋን ወረወረች፤ በዱላው አጠገብ አለፈች።
ሁለተኛዋ እግሯን መታቻት።
ሦስተኛዋ መጣች። እህቴ ጠበቀች።
ጠበቀች።
እኔ ከዳር ሆኜ «አሁን!» ብዬ ጮህኩ፤ ቀደምኩ።
እሷ ገና ትጠብቃለች።

ዱላው አልተወናጨፈም።
ሕፃን ተኝቶ ሳለ በር እንደሚገጥም ሰው
እጇን ወደፊት ሰደድ አደረገችው።
ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ቁልፍ ሲዞር እንደሚለው።
ኳሷ ሳር ለሳር፣ በሁለት ተከላካዮች መሃል ሄደች፤
አንዳቸውም አልሮጡ፤ ዞረው ብቻ አዩዋት።
የሜዳውን ገመድ ነካች። አራት።
ቅል ድንጋይ ሲሰብር ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

በአራተኛዋ ተስገበገበች። ችካሉ ተፈነቀለ።
አራት ነጥብ፤ ያው ነው የዕለቱ ገቢዋ።
እያለቀሰች ትመጣለች ብዬ ፈራሁ፤ ዱላውን ታሸተዋለች።
ጉናፓላ ባርኔጣውን አነሣ፦ «አንዷ ደረሰች» አለ፣
«ዛፉ ሁሉን በአንድ ቀን አያደርስም።»

ስንመለስ የመሻገሪያው በር ተዘግቶ አገኘነው።
መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
«አሁን» አልኩ።
ባሕሩ ይሰማል። ቁራ ይጮኻል። ባቡር የለም።
ሂማሻ ከኋላዬ ሳቀች፦
«ይኸ ትናንት ነው።»