አርባ ጫማ ዝምታ

አጎቴን ዴልማርን ስኳር ዓይኑን በላው፤
መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎም መንገዱን፣ በኋላ የእኔን ፊት ጋርዶ ከለለው።
ጠመንጃው ግድግዳ ላይ፣ ቡትሱ ከበር ሥር፣
ሞንታና ላይ ጥቅምት ሲቃረብ ግን፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አይመስልም ነበር።

«ማርሊስ፣» አለኝ አንድ ማታ፣ «ካርታዋን አምጪያት፤
ሾርባውን ገፋ አድርጊና፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ አንብቢያት።»
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ያየሁት በሙሉ
ቡናማ ክር ነበር፣ የተተበተበ፣ የጠፋበት ውሉ።
«ይሄ ድመት የተረተረው ሹራብ ነው» አልኩት፤
«ተራራው የታለ?» እያልኩ ጨቀጨቅኩት።

ቡጢውን ጨብጦ ከፊቴ አኖረና፣
«በእስክሪብቶ ክበቢኝ፤ ከአናቱ ጀምረሽ፣ እየወረድሽ፣ ቀለበት ሥሪና።»
አራት ጉብ ጉብ አጥንት፣ አራት ትንንሽ ክብ፤
ከዚያም ሰፋ፣ ሰፋ፤ አንጓው ላይ ስደርስ ቀለሜ አለቀ።
ያኔ እጁን ዘረጋው።
ተራራው ወደቀ።
መስመሩ ብቻ ቀረ፣ ጠፍጣፋ ቆዳ ላይ።
«ካርታ ይኸው ነው፤ የተፈታ ቡጢ።
መልሰሽ በሐሳብሽ ስትጨብጪው ነው ተራራው የሚታይ።»

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ
እኔ ሳነብ እሱ ይሄዳል፤
ከወንበሩ ሳይነሳ ያልበዋል።
«መስመር ከመስመር ሲታከክ ትንፋሽሽን ቆጥቢ፤
ሲራራቅ ረጋ በዪ፣ አስተውለሽ ግቢ።
ቀስት ሠርቶ ከታጠፈ ጅረት ነው፤ ጫፉ ወደ ምንጩ ያመለክታል፤
ሁለት ጉብታ መሃል ዝቅ ያለው ኮርቻ ነው፤
አጋዘን እንደኔ ሰነፍ ነው፣ ሸለቆ ሲቀይር በዚያ ያልፋል።
ወገቡ ላይ መስመሩ ድንገት ሲሳሳ፣ መደብ አገኘሽ በዪ፤
ነፋስ ከኋላው አድርጎ እዚያ ያመሰኳል፤
ቁልቁል ያያልና ከታች እንዳትታዪ።»

«አረንጓዴው ጫካ ነው» ስለው ሳቀብኝ።
«ያ ጫካ ነዷል፤ ካርታዋ አልሰማችም።
ጭሱ ሳምንት ሙሉ ልብሴ ላይ አረፈብኝ።
አሁን ቁጥቋጦ ነው፤ ለአጋዘን ግን ግብር።»
ቀጥሎ ዝም አለ።
«በመስመርና በመስመር መሃል ከፍታው ስንት ነው?»
«አርባ ጫማ» አልኩ፣ ከጥጉ አንብቤ።
«እንግዲህ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ጫማ አትናገርም።
አትዋሽም ካርታ፤ ዝም ትላለች እንጂ።
ዝም ያለችበትን እግርሽ ይንገርሽ፤ እኔ አልነግርሽም።»

ጥቅምት ሲጋመስ፣ ሳይነጋ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን ወጣን፤
እኔ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፤
በረዶው እንደ ጨው ከጫማችን ሥር ተንኮሻኮሸብን።
ኮርቻው እዚያው ነበር።
ቀስቱም ጅረት ሆኖ ጠበቀኝ፣ ከነበረዶ ቅርፊቱ፤
ወረቀት ላይ በጣቴ ያለፍኩትን በጉልበቴ ሳገኘው
ደስ አለኝ፣ ቃል የገባ ሰው በቀጠሮው እንደመምጣቱ።

መደቡ ግን ባዶ።
መኝታ የለ፣ ኮቴ የለ፤ ነፋስ ብቻ፣ በከሰለ ግንድ ሲያፏጭ።
እናቴ ሰዓቷን አየች።
እኔ ካርታዋን አየሁ፤
በሁለት ቡናማ ክር መሃል፣ ጣት የማይሞላ ነጭ።

ወደዚያ ነጭ ገባሁ።
ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ምድሩ በድንገት ጎደለ፤
አሥር ጫማ የምትጠልቅ ጎድጓዳ፣ ከላይም ከታችም የማትታይ፣
ካርታ ላይ የሌለች፤ እሷ ውስጥ ግን ሁሉም አለ፤
ሦስት እንስት፣ አንድ ቀንዳም፣
ጀርባቸው ላይ ውርጭ ያልቀለጠ።
ስለ ጥይቱ ብዙ አልልም። አንድ ነበር።
እጄ ከዚያ በኋላ ነው የተንቀጠቀጠ።

ማታ ዴልማር ጉበቱን በሽንኩርት ሲበላ ምንም አልጠየቀኝ።
ካርታዋን ዘረጋሁ። ጣቱን ያዝኩና ኮርቻውን አሻገርኩት፣
መደቡን አሳለፍኩት፣
«እዚህ» አልኩት።
«አሥራ አንድ ዓመት» አለ፣ «እዚህ ነበር የሚሰወርብኝ።»

ቀለሙ ከእጁ ላይ ከታጠበ ቆይቷል።
ቡጢውን ጨበጠ፤
በሁለት ጣት አንጓ መሃል ያለችውን ጎድጓዳ በሌላ እጁ ዳሰሰ፤
ሳህኑ እስኪቀዘቅዝ ጣቱን አልመለሰ።