ስድሳ ሊትር

ዝናብ ያረፈደበት የማክሰኞ ጠዋት
ኤኖ ገባ ከሱቁ፣ ኮቱ እየተንጠባጠበበት።
ሮስቶክ ወደብ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት
ክሬን ያንቀሳቀሰ፣ ብረት የታዘዘለት፣
ዛሬ በአንዲት ጣት
መስታወቱን ነካና፦ "ይቺን" አለ፣ "ሰማያዊዋን፣
የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለዋን፣
ጅራቷን እርድ የነካትን።
ያንን ስድሳ ሊትሩን አኳሪየም ጨምሪልኝ፣
ከሬዲዮው ጎን ላቁመው፣ ማታ ማታ ያጫውተኝ።"

ቪብከ መልስ አልሰጠችም። (እኔ ባልዲ አጥባለሁ፣
ጨው እመዝናለሁ፣ ዝምታዋን ግን አውቃለሁ፤
ከዝምታዋ ቀጥሎ የሚመጣውን እፈራለሁ።)

ከመሳቢያ አወጣች የልብስ ሰፊ ሜትር፣
ዘረጋች ባንኮው ላይ፣ ከጣት እስከ ስንዝር፣
ከስንዝርም አልፋ፣ ወደ ባንኮው ዳር።
"ይኸውልህ" አለችው፣ "አድጋ የምትደርስበት።
አሁን የምታየው ልጅነቷን ነው፣ የወራት።
ለሕፃን ጫማ ሲገዛ ሁለት ጣት ይተዋል፤
ለዚችስ ስንት ይበቃል?
ፈረስ ናት እኮ ይቺ፣ ሜዳ የለመደች፣
ሲመሽ ብቻ ድንጋይ ሥር ተሸጉጣ የምታድር፣ ጋልባ የዋለች።
በስድሳ ሊትር ውስጥ ጅራቷን ሁለቴ ብታወዛውዝ
አፍንጫዋ መስታወት ነው።
ብትዞር መስታወት።
ሲመራት ደግሞ፣ ከጅራቷ ሥር ምላጭ አላት።"

"ዓሣ በዕቃው ልክ ያድጋል ይባላል" አለ ኤኖ ቀስ ብሎ።
"ይባላል" አለች። "የቀጨጨውን ሁሉ
'ልኩን ያወቀ' ይሉታል እነሱ።
ደግሞም ውሃው። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቆጣል፤
ማታ አንድ ጣት ይተንና፣ ጨው አይበርም፣ ጨው ይቀራል፤
ሲነጋ ያው ባሕር ሌላ ባሕር ሆኖ ይገኛል።
ትልቅ ውሃ ግን ነገር ይችላል፣
እንደ ትልቅ ሰው፣ ስድቡን ውጦ ያድራል።"

"እና ስንት ይሁን?"
"ሰባት መቶ። ከዚያ በታች አልሸጥም።"
ኤኖ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት፣
የክሬን ሰው ሒሳብ፣ ሸክም የለመደው ስሌት፦
ውሃው ሰባት መቶ፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ እግሩ...
"አንድ ቶን! በአራተኛ ፎቅ፣ ሲረግጡት በሚጮኽ ወለል፣
ጣውላው በሚንቀጠቀጥ፣ ድስት ስናወርድ እንኳ በሚል 'ወየው' በሚል።
ከሥሬ ወይዘሮ ግሬቴ ትተኛለች፣
ዘጠና ሊሞላት ነው፤
ባሕር በጣራዋ ቢገባባት ምን ትላለች?"

ያን ጊዜ ቪብከ ሳቀች። ክንዱን ያዘችና
ወሰደችው ወደ ጓዳ፣ መብራቱ ወደ ፈዘዘበት ጎዳና።
አሸዋ ብቻ። አንድ ድንጋይ። አንድ ቀዳዳ።
"ምንም የለም" አለ። "ጠብቅ" አለች፣ "እንግዳ።"

ቆይቶ ዓይን ወጣ፣ ቆይቶ ጭንቅላት፣
ሙሉ ዕድሜው ቁመቱ ከጣት የማያልፍ ዓሣ፣ ዘብ የቆመ ከበራፉ ፊት።
ከኋላው ደግሞ ሽሪምፕ፣ ዓይነ ደካማ፣ አሸዋ የሚዝቅ፣
አንዱን ቀጭን ጺሙን ከዓሣው ጀርባ የማያርቅ፤
ጎረቤቱ ሲደነግጥ እሱም ጉድጓድ ይገባል፣
ጎረቤቱ ሲረጋጋ እንደገና ይቆፍራል።

"ለነዚህ" አለች ቪብከ፣ "ስድሳ ሊትር አውራጃ ነው።"

ኤኖ ከሰማይ ጥግ ወደብ ሲያይ የኖረው
በጉልበቱ ወረደ፤ ሲነሣ ጉልበቱ ጮኸ፤
ጨውና አሸዋ፣ ሁለቱን ጎረቤታሞች ይዞ ሄደ።

ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።
ባንኮው ላይ ያለውን ሜትር ሳይጠይቅ ይወስዳል፣
ከሰማያዊዋ ፊት፣ በመስታወቱ ላይ ይዘረጋል።
"ሰባት" ይለኛል። በሚቀጥለው ወር፣ "ስምንት ተኩል።"

ኅዳር ላይ የቫርነሚውንደ ጥርስ ሐኪም ገዛት፣
ዘጠኝ መቶ ሊትር ያለው፣ በሽተኛ የሚጠብቅበት።
ኤኖ እኔ ላድርስ አለ። በኮቱ ውስጥ ደበቃት፣
ከሆዱ ጋር አጣብቆ፣ ብርድ እንዳያገኛት።

ባቡሩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።
ላስቲኩ ሁለት ሊትር ይይዛል።
መንገዱን ሙሉ፣ ሰዓቱን እያየ፣
ሃያ ሁለቱንም ቆጠረላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።