የልክ ልክ

ግሮኒንገን ከተማ ሁሉ ሰው በጎማ፣
ነፋስ ፊት ሲመታው እንኳን ሳያቅማማ፣
ይሽከረከራል ከገበያው እስከ ማማ።
በኔ ክፍል ግን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስተዋቱ ኋላ፣
የትም የማይሄድ ብስክሌት አለ፣ ሌላ።
ጎማ የሌለው፤ ልጅ ወጥቶ ቢጋልበው
ላቡ ይሄዳል እንጂ እሱ እዚያው ነው።

አፍ አፍንጫውን በጭንብል አስሬ፣
ደረቱ ላይ አሥር ሽቦ ደርድሬ፣
"ንዳ" እላለሁ። ዳገት በማያውቅ በዚህ ሜዳ አገር
ዳገት ሠሪዋ እኔ ነኝ፤ በደቂቃ፣ በቁጥር።

ሕመምተኛ አይደለም የምለካው፣ ጤነኛ፤
ሳል የሌለበት፣ ሯጭ ወይ ሰነፍ፣ ወይ መካከለኛ፣
ስምንት ዓመት የሞላው፣ አሥራ ስምንት ያልደፈነ፣
ወዶ የመጣ እንጂ ተጎትቶ ያልሆነ።
ሁሉም ሲወርዱ ይጠይቃሉ፤ "ስንት አመጣሁ? አለፍኩ?"
"ፈተና አይደለም" እላለሁ፤ ስንቴ እንዳልኩት አልቆጠርኩ።

አሮጌው ሠንጠረዥ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው፣
ድሮ፣ በሌላ አገር፣ በአርባ ወንድ ልጅ የተለካው፣
ስንቷን ልጃገረድ በወንድ ሳንባ ሰፍሮ
"ታመሻል" ብሏታል፤ ማን ይቁጠር ዘንድሮ?
ስለዚህ አዲስ መስመር፣ ከሺህ ልጅ ትንፋሽ፤
ከዚህ በላይ ደህና፣ ከዚህ በታች ግን ይፈተሽ።
ባልደረቦቼ ሦስት ቃል አላቸው፦ መጠን፣ ትክክል፣ እኩያ፤
እኔ ባፌ ያለኝ አንድ ነው፤ ልክ፤ ለሦስቱም መጠሪያ።

ማክሰኞ ዩርየን መጣ፤ አሥር ዓመት ከሁለት ወር፣
ቅልጥሙ ረጅም፣ ጉልበቱ ላይ የኳስ ሜዳ አፈር።
ጀመረ። በስድስተኛው ደቂቃ እግሩን አቆመ።
"ደከመኝ" አለ፤ ግን ማነው ሳያልበው የደከመ?
ልቡ መቶ ሠላሳ አንድ፤ የሳበውን ከተነፈሰው
ማሽኑ ሲያመዛዝን፣ ይህ ልጅ ገና መጀመሩ ነው።
ትንፋሽ አይዋሽም። ልጅ ይዋሻል።
ጭንብሉን ፈታሁ፤ "ዩርየን፣ ምን ሆነሃል?"

የጫማውን ክር ፈታ። አሰረ። ደግሞ ፈታ።
"ሲትስከ እህቴ እዚህ ትነዳለች፣ በዓመት አንዴ መጥታ።
ልቧ ሁለቴ ተሰፍቷል። ወረቀቱ ሲወጣ
ሁሌ ከመስመሩ በታች ናት፤ እናቴም ቤት እስክንመጣ
አትናገርም። እና እኔ ቀድሜ ብወርድ፣
እነሱም ቢወርዱ፣ መስመሩም አብሮን አይወርድ?"

"እነማን?" አልኩት።
"የክፍሌ ልጆች፤ እሺ ብለዋል ሁሉ።"
ለካ ያለፈው ሳምንት "ደከመን፣ ደከመን" ያሉ
ሰባቱ! ጉንፋን መስሎኝ መስኮት ዘግቼ ነበር፤
ለካስ ዶልተዋል፤ ለአንዲት ልብ የተመከረ ምክር።

እንዴት ልበለው? "መስመር ገመድ አይደለም፣ ጎትተው የሚያወርዱት፤
ዝቅ ካለማ፣ እህትህ ስትደክም ማን ያያት?"
አልኩት። ሰማኝ ወይ? ውሃውን ጠጣ፤ ኮቱን አጠለቀ።
ሰባቱን ሰረዝኩ፣ ስምንተኛ እሱን። ቀኑም አለቀ።

በሳምንቱ፣ ሳልጠራው፣ ብቻውን፣ ዝናብ አብስብሶት መጣ፤
ሰላም ሳይለኝ ኮርቻው ላይ ወጣ።
ስድስትን አለፈ፤ ዘጠኝን፤ ዳገቴን ከመርኩ፣ ከመርኩ፤
"በቃህ?" ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ ልቡን አየሁ፣ ዝም አልኩ፤
መቶ ዘጠና ስምንት። በያንዳንዷ ትንፋሽ
መስመሩ ካህቱ እንደሚርቅ፣ ወደ ላይ እንደሚሸሽ
ያውቃል። ያውቃል፣ ይነዳል፤ ዓይኑ ከማሽኑ ላይ፤
እንባ ይሁን ላብ፣ ጭንብሉ ስር አይለይ።

ቅጹ መጨረሻ ላይ "አስተያየት" የሚል ጠባብ ሳጥን አለ፣
ሃያ ፊደል ሲሞላ "በቃ" እያለ
የሚዘጋ። ከሦስቱ ቃላቸው ለሳጥኑ አንዱን ሰጠሁት፤
የቀሩትን ሁለቱን፣ በኔው ቋንቋ፣ "ልክ ነህ" ብዬ፣ ለልጁ አልኩት።
ቀና ሳይል፣ የጫማውን ክር ያስር ነበር፤
ውጭ ብስክሌቱ ይጠብቀዋል፣ ነፋስና ሜዳ አገር።