አቀባይዋ

ግሪምስቢ ሳይነጋ፣ ነፋሱ ዓሣ ዓሣ ሲሸት፣
ሮዊና በብስክሌት፣ ከቤት እስከ ቤት፣
የመብራት ሒሳቡን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውን፣
ከባሕር ማዶ ልጅ የናፍቆት ቃሉን፣
በየበሩ ስንጥቅ ታቀብል ነበር።
ማታ ደግሞ ኳስ ታቀብል ነበር።

ማሊያው ከወንዶቹ የተረፈ አሮጌ፣
ሦስቴ የሚታጠፍ የሰፋ እጅጌ፤
ሜዳው ከወንዶቹ የተረፈ ጭቃ፤
የተከራዩት መብራት ሰዓቱ ሲበቃ
ድርግም ይላል ድንገት፤ እሷ ግን ኳሷን
ሰጥታ ጨርሳለች፣ ቀና አድርጋ ራሷን።

ስሟ ጋዜጣ ላይ አንድ ጊዜ ወጣ፣
ያውም ፊደል ጎድሎት።
ለሀገር ተጠርታ
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ገባች፣
ሦስት ኳስ ነካች፣
ሦስቱንም ለሰው ሰጠች።
ሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ቦርሳዋን አነገተች።

ኋላ፣ በጥር ዝናብ፣ ዶንካስተር ሜዳ ላይ፣
የጉልበቷ ሎሚ ዞረ፣ ካሜራ ሳያይ።
አርባ ሦስት ሰው ነበር፣ አንድ ውሻም ጭምር፤
ቃሬዛ ስላልነበር፣ ነቅለው የመልበሻ በር
ተሸከሟት።
በር ለበር የኖረች፣ በበር ላይ ወጣች።

ዛሬም ያንኑ ሰፈር፣ በእግሯ፣ እያነከሰች።

«ስንት ጎል አገባሽ?» አለቻት ኢሞጂን፣ ደጃፍ ላይ ቆማ።
«አራት። በሃያ ዓመት።»
«አራት ብቻ? ኧረ እማ!
ነይ ስሚ!»
ሮዊና ቦርሳዋን ፈተሸች፣ ፈገግ እያለች፤
«እንኪ፣ የእናትሽ ነው» ብላ አቀበለች።