ያቺው ራሷ

ማኅተሜ ከመኪናዬ ኪስ፣ ከጓንት ሥር ያድራል፤
ብርድ አይወድም፣ ቀለሙ ቶሎ ይረጋል።
በየካቲት በሃንኮክ፣ የቦዩ ውኃ ድንጋይ ሲሆን
ብብቴ ውስጥ ይዤው ገባሁ፣ እንደ ታመመ ሕፃን።

ገዢዎቹ በነጋታው ይፈርማሉ፣ በባንኩ፣ በሌላ ሰው እጅ፤
እኔ የምሄደው ከቤት ለማይወጡ ነው፤ ለበሽተኛ አልጋ፣ ለአሮጊት ደጅ።

ወጥ ቤቷ ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ የሰዓት ጥላ፤
ሰዓቱ በካርቶን ሄዷል፣ ከሰሃን ከማንኪያ ኋላ።
የቀረ አንድ ጠረጴዛ፣ ገዢዎቹ «ይቅርልን» ያሉት፣
ከዘመናት በፊት አንድ እግሩን ወረቀት ያጎረሱት።

የክምሩን ግማሽ ጨረስን፤ ውሉን፣ የዕዳ ስረዛውን፣
የጣሪያውን፣ የጉድጓዱን፣ የግብሩን ደረሰኝ ሁሉን።
«ቀለሙ እርሳስ አለበት፤ ማወቅዎን ይፈርሙ» ስላት
ሳቀችና የጓዳውን በር ገርበብ አደረገች፤ አለበት፣
የማገዶ ሂሳብ በባሏ እጅ፣ ሳይጠፋ፣ ሳይደበዝዝ፣
የስድስት ጭነት ጥድ ዋጋ፣ ዛሬም «ክፈል» እያለ ሲያዝዝ።

ከዚያ ያ ገጽ መጣ። ቃሉ አጭር ነው፣ አያፍርም፦
«በእነዚህ ስሞች የተጠራችው ያቺው ራሷ ናት፤ ሌላ አይደለችም።»

ለምፒ ሃርዩ። የመዳብ ቆፋሪ ልጅ፤ ፈረመች።
ለምፒ ትሬምባዝ። እዚህ እጇ ትንሽ ዘገየች፤
ያን ሰው ከነመኪናው ዋጠው፣ የቦዩ በረዶ በሚያዝያ ሲሳሳ።
ለምፒ ቡኮቬትስ። ፍርድ ቤት የሻረው፤ ፈጥና፣ እንደ ወቀሳ።
አራተኛው መስመር፦ ለምቢ ትረንባት።
«ይቺንስ» አለች፣ «ማን ወለዳት?»

«የመዝገብ ቤት ጸሐፊ» አልኳት፤ «ፊደል አምልጦት።
ካርታው ላይ ያለችው ግን እሷ ናት። ዐርባ ዓመት ሙሉ
ግብሩም መድኑም በእሷ ነው፣ ደረሰኙ ሁሉ።»

ዝም።
ከጣሪያው በረዶ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ዱብ።
«ታድላ» አለች ለምፒ። «ቤት ያላት፣ ሐሳብ የሌላት።
ባል አልሰመጠባት፣ ባል አልከሰሳት፣
ሌሊት ተነስታ ምድጃ አልቆሰቆሰች፣
በረዶ አልጠረገች፣
በመስኮት ቆማ የመኪና መብራት አልጠበቀች።
ስሟን ብቻ ሰጥታ ዐርባ ዓመት ኖረች።»

ብዕሩን አነሳች። ከሦስቱም አሳምራ
የለምቢን ፊደላት በጅራት በጅራት ኳለቻቸው፣ እንደ ሙሽራ።

ተራዬ ደረሰ። «በፊቴ ቀርባ፣ መታወቂያዋን መርምሬ»
ይላል የምፈርምበት። ስንቷን ነበር ያየሁት፣ ብጠየቅ ቆጥሬ?
መታወቂያው አንድ ፊት ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመት፣ ሰማያዊ ዓይን፤
የማይናገረውን ለመመስከር ማን ሰጠኝ ሥልጣን?

ማኅተሙን ላሳርፍ ስል ጎንበስ አለች፣ ወደ ጠረጴዛው እግር፤
ያቺን የተጣጠፈች ወረቀት ሳበቻት፣ ምንም ሳትናገር፤
ከፈተቻት፣ አነበበች፣ መልሳ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ዶለች።
«ይቺ» አለች፣ «ከሽያጩ ውጪ ነች።»

ጠረጴዛው ዘመመ። ማኅተሜ ተንሸራቶ
ጋደል ብሎ ቀረ፣ ከመስመሩ ወጥቶ።
ይነበባል፤ ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።
ምን እንደተጻፈባት አላውቅም።
በፊቴ አልተፈረመም።