ተጠያቂ

ሼፊልድ ዘንቦ ዋለ ከጠዋት ጀምሮ፣
ኮረብታው አይታይ በጉም ተቀብሮ።
ጠረጴዛው ላይ ግን ፀሐይ ነው በሙሉ፣
የሣልኳቸው ዛፎች ለምልመው ይታያሉ።
የቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ነው የኔ ሥራ፣
አሥራ ሁለት መስኮት ወደ ሰማይ የሚያበራ፤
ጠርዙ እንደ ምላጭ ቀጭን፣ አጥር የሌለበት፣
አለቃዬ ፔንበርተን «ቅኔ ነው» ያሉለት።

ያን ቀን አንድ ሰው መጣ፣ አሠሪዋ የጋበዘችው፣
ክላይቭ ሃዝልደን ይባላል፤ ጣሪያ ነበር እንጀራው።
ግራ እግሩን ይጎትታል። ሻዩን አልነካም።
ስለ ውበት ሲወራ አንድ ቃል አልተነፈሰም።
ቆይቶ ጣቱን ሰደደ፣ ጥፍር የሌለው ጣት፣
ሰባተኛው መስኮት ጎን ንድፌ ላይ አሳረፋት፤
«መስታወቱ ይቆሽሻል» አለኝ ረጋ ብሎ፣
«እርግብ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ጥቀርሻውም ታክሎ።
የሚያጥበው ሰው ይመጣል፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ።
እሱ ሰውዬ፣ እመቤቴ፣
እግሩን የት ያኑር?»

ዝም አልኩ።
ንድፌን አየሁት። ሁሉም ነገር ልክ አለው፤
የብረቱ ውፍረት፣ የውሃው መውረጃ፣
የዛፎቹ ጥላ ሳይቀር በሚሊሜትር።
ለአንድ ሰው ሁለት እግር ግን
ስፍራ አልነበረውም።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣
አንቀጽ በአንቀጽ ሸምድጄ፣ ፈርሜም አልፌዋለሁ።
አንቱታ አያውቅም ሕጉ፤ ነዳፊውን እንዲህ ይለዋል፦
አደጋውን ቀድመህ እየው፤ ካየኸው ከሥሩ ንቀለው፣
መንቀሉ ባይቻልህ እንኳ አሳንሰው፣ አቅልለው፤
የተረፈችውን ደግሞ አትደብቃት፣ ጻፋት፣
ለሚሠራው፣ ለሚያጥበው፣ ለሚያፈርሰው ንገራት።

ክላይቭ የወደቀው በሠላሳ ዓመቱ ነው፣
ዶንካስተር፣ ከአንድ መጋዘን ጣሪያ።
«ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሁሉም አንድ መልክ፣
ማን ያውቃል የቱ ቆርቆሮ፣ የቱ ፕላስቲክ?»
የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤
ቀበቶ አላሰረም አሉት፣ ተቻኩሎ ረግጧል፣
ሌሊቱን ጠጥቶ ይሆናል።
ምሳር የሳለ ብዙ ነበር፤
ንድፉን የሣለውን ግን የጠየቀ የለም።
«እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም» አለ ክላይቭ።
«ምናልባትም ጥሩ ሰው ነው።»

በቋንቋዬ አንድ ቃል አለ፦ ተጠያቂ።
የፍርድ ቤት ቃል ይመስለኝ ነበር፣ ካባ የለበሰ፣
ሬሳው ከተነሣ በኋላ ጣት እየቀሰረ የሚደርስ።
ያን ቀን ገልጬ አየሁት፤
ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ሰው ነው፣
ከደሙ በፊት፣ የንድፉ ቀለም ሳይደርቅ፣
እግሬን የት ላኑር ተብሎ።

ፔንበርተን ተቆጡ። «መስመሩ ይበላሻል፣
ከመንገድ ማዶ ላየው ጣሪያው ይወፍራል፤
ጠራጊ ገመድ አለው፣ አሠሪም አለው፤
እኛን ምን አገባን?»
ሳይቃጠል በቅጠል ይል የለ ያገሬ ሰው፣
የኔ ቅጠል ላጲስ ነበር።
ሰባቱን መስኮቶች ከጣሪያው አወረድኩ፣ ግድግዳው ላይ ተከልኳቸው፣
ሰው ከመሬት ሳይነሣ በረጅም እጀታ እንዲያጥባቸው።
ለአምስቱ ጠርዙን እስከ ወገብ አሳደግሁት።
ቅኔው፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ወፈረ።

አንዲት አደጋ ቀርታለች፤
ምሥራቅ ጥግ፣ ከቱቦው አጠገብ፣ በረዶ ትይዛለች።
ማህደሩ ውስጥ ጻፍኳት፣ በማይሸሽ ቋንቋ፣
ምናልባት ገና ላልተወለደ፣ ባልዲ ይዞ ለሚመጣ፦
እዚህ ጋ ቀስ በል። ጥር ላይ አትውጣ።

ፔንበርተን አሁንም «የክላይቭ ጣሪያ» ይሉታል፣
ስድብ መሆኑን ሳይደብቁ።
ክላይቭ ግን የመጨረሻው ንድፍ ላይ ጎንበስ ብሎ
ግርጌውን ፈለገ፤ ነዳፊ የሚለውን መስመር።
ስሜን ፊደል በፊደል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።
«ቲር... ሲት» አለ።
አሳስቶ ጠራው።
ግን አወቀው።