ማገጥ ስዘራ

«ሣር ይዘራል እንዴ?» አለኝ ይማም ሙሄ፣
«ሰው እህል ሲዘራ፣ ምን ሊሆን ነው ይሄ?
የሣር አራሽ ሰማይ፣ ደመና ነው በሬው፤
ይልቅ ገብስ ጣልበት፣ ዓይን ያየው ነው ፍሬው።»

አልመለስኩለትም። እውነት አለው እሱ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ክሮች ሲበጠሱ
ስቀጥል ኖርኩ እንጂ ኮምቦልቻ ወርጄ፣
መቼ ዘር ያዝኩና መሬትን ነካ እጄ?

ግን አምና በመስከረም፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
ዳልቻን ለቀቅኳት ማገጥ ላይ፣ ትጥገብ አልኩና።
ሌሊቱን በባዶ ሆድ ያደረች ላም ናት፤
ለምለሙን ስታገኝ ማን ቀስ በይ ይበላት?
ረፋዱ ላይ ሆዷ ከበሮ አክሎ፣ ግራ ጎኗ ተወጥሮ፣
ሐኪሙ ከፒያሳ በባጃጅ ተሳፍሮ
ገራዶ እስኪደርስ፣
ዓይኗ ወደ ጦሳ ዞሮ ቀረ።

ቅጠሉን ምን ልበለው? ቅጠሉ ምን አጠፋ?
ሳያስለምድ የመጣ ጥጋብ ነው ላሜን የነፋ።

ዘንድሮ ጊደር ገዛሁ። ዘርም መምረጥ ያዝኩ።
ከግብርና ቢሮ፣ ሀያት የምትባል ልጅ
ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ሰማያዊ የተቀባ ዘር
በከረጢት ሰጠችኝ። «ይሄ ነው የሚያዋጣ፣
ፈጥኖ ሜዳ የሚያለብስ፣ ውሃ ካላጣ።»
ሰኞ ገበያ ደግሞ፣ እትዬ እንጉዳይ
ከቦሩ ሜዳ ዳር ለቅማ፣ አሽታ፣ አንፍሳ፣
የአገሩን ማገጥ ትሸጣለች፣ በቲማቲም ጣሳ።
«የኔ ዘር ሰነፍ ነው» አለችኝ ሳታፍር፣ «አልዋሽህም፤
ዘንድሮ ብትዘራው፣ ዘንድሮ ሁሉም አይበቅልልህም።»

ቤት ገብቼ፣ እንደ ልማዴ፣ ጥጥ አረጠብኩ፤
መቶ ከዚህ፣ መቶ ከዚያ፣ በመርፌ ጫፍ ደረደርኩ።
የውጭው፣ በአራተኛው ቀን፣ ዘጠና አንዱ ነጭ ምላሱን አወጣ።
የአገሩ?
አሥራ አንድ።
ሌላው ጠጠር ሆኖ ተቀመጠ፤ የውሃ ወሬ አይገደውም።
በአሸዋ ፈተግኩት፤ ሃምሳ ስድስት ነቃ።
ቀሪውን አልቀሰቀስኩትም። በቃ።

ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው፣
እዚህ አገር በልግ ስንቴ ዋሽቷል!
የካቲት ላይ አንድ ሳምንት ዘንቦ፣ መሬቱን አባብሎ፣
ዘሩ ሁሉ ብቅ ሲል፣ ሰማዩን አጥርቶ ሄዷል።
ያኔ ለከርሞ የሚተርፈው
በመጀመሪያው ካፊያ ያልታለለው ነው፤
ሰነፍ የተባለው።
የሀያትን ከረጢት መለስኩላት። አልተቀየመችኝም፤
«ለአጥሩ ዳር እንኳ» ብላ አንድ እፍኝ ቆንጥራ ሰጠችኝ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አፈሩን አለስልሼ፣
ዘሩ ከሰናፍጭ ያነሰ ነውና፣
አንድ እጅ ዘር በአሥር እጅ አሸዋ ቀይጬ፣
ማገጥ የኖረበትን የቦሩ ሜዳ አፈር እንደ እርሾ በትኜ፣
አንዴ ወደ ጦሳ፣ አንዴ ወደ ወንዙ እየተመላለስኩ
መስቀለኛ ዘራሁት፣
እንደ ድርና ማግ። ይቺን እንኳ አውቃለሁ።

ጠልቆ መቀበር አይወድም፤ መረገጥ ነው የሚሻው።
ይህን ሲሰማ ይማም ሙሄ፣ ሲስቅብኝ የከረመው፣
ምንም ሳይናገር በረቱን ከፍቶ በጎቹን ነዳቸው።
አሥራ ሰባት በግ ማሳዬን ረጋግጦ ወጣ።

አሁን መስከረም ጠብቷል።
አጥሩ ላይ ተደግፎ ይማም ይቆጥራል፦
«እዚህ ጋ በቅሏል። እዚያ ጋ ባዶ ነው። የቀረው የት ገባ?»
«ተኝቷል።»
«እስከ መቼ?»
እኔ ምን አውቄ።
ለጊደሯ ጭድ አቀረብኩላት፣ መጀመሪያ ጭድ፤
ገመዷን አሳጠርኩ፤
ጤዛው እስኪረግፍ፣ ይማምና እኔ
ቆመን ጠበቅን።